የተዘለለችው መስመር

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጣሪያዋ ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሣር የሆነ አንዲት ቤት ነበረች። ዛሬ በቦታዋ ሌላ ቤት ቆሟል፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ምን እንደ ነበረች አያውቅም። በዚያች ቤት አንዲት እናት፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ይኖሩ ነበር። እህቲቱ እኔ ነኝ። ከአራታችን የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይህን ሳልጽፍ ብሞት የሚጽፈው የለም። ብጽፈውስ ማን ያምነኛል? ሰው ወንድሙን በጥይት ሲገድል ታይቷል፤ በመርዝ ሲገድልም ተሰምቷል። ታላቅ ወንድሜ ዓምደሚካኤል ግን ታናሽ ወንድሜን ፈቀደን የገደለው አንዲት መስመር ሳይጽፍ በመቅረቱ ነው።

አባታችን በኅዳር በሽታ ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ሞተ። ያን ጊዜ ዓምደሚካኤል አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ፈቀደ ስምንት፣ እኔ ገና ጡት መጣሌ። ዓምደሚካኤል መምሬ ገብረዮሐንስ ከሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ቁም ጽሕፈት ይማር ነበር፤ ብራና ይፍቃል፣ መቃ ይቀርጻል፣ ቀለም ይበጠብጣል። የጀመረው ዳዊት ከግማሽ አልፎለት ነበር። መምሬ ገብረዮሐንስ ለተማሪዎቻቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚነግሯቸው ፊደል ስለ ማሳመር አልነበረም። «ከምትገለብጠው አንዲት ቃል ከዘለልህ፣ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያንተን ኃጢአት ያነባል» ይሏቸው ነበር። አባታችን በሞተ በአርባኛው ቀን እናታችን ደብሪቱ ልጇን ጠርታ «ከእንግዲህ አባታቸው አንተ ነህ» አለችው። ዳዊቱን ከግማሽ ትቶ አንዲት ሣጥንና አንድ ጃንጥላ ይዞ አራዳ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ርስቱን የተቀማ፣ ሚስቱ የከዳችው፣ ደጅ ጥናት ያንገላታው ሁሉ እየመጣ ማመልከቻ ያጽፈው ጀመር። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ልማድ አልለቀቀውምና የእያንዳንዱን ማመልከቻ የመጀመሪያ መስመር በቀይ ቀለም ይጽፍ ነበር። በዚህም ምክንያት በአራዳ ስሙ «ባለቀዩ» ሆነ። አንድ ጉዳይ ፈጻሚ ወረቀቱን ገና ከሩቅ ሲያይ «ይሄ የባለቀዩ እጅ ነው» ይል ነበር።

በዚያው ሰሞን ፈረንሳይኛ የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ይመዘግብ ነበር። ዓምደሚካኤል ይህን ሰምቶ «እማዬ፣ እኔ ብገባ ምን ይመስልሻል?» ብሎ ጠየቃት። እናታችን ከሥራዋ ቀና ሳትል «አንተ ከገባህ ማን ያበላናል? ፈቀደ ይግባ» አለች። ፈቀደ ገባ። እጁን ይዞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደረሰው ማን ነው? ዓምደሚካኤል ነው። በሩ ሲዘጋ ከውጭ ቆሞ የልጆቹን ድምፅ እንደሰማ፣ ከዚያ ወደ ሣጥኑ እንደተመለሰ ኋላ ራሱ ነግሮኛል። ቅናት የሚባለው ነገር መቼ እንደገባበት ሲጠየቅ «እዚያ በር ላይ ነው» ይል ነበር።

አንድ ዓመት አይደለም፣ ሁለት ዓመት አይደለም… አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ማዕድ እየተበላ፣ በአንድ ቤት እየታደረ፣ ያ ነገር በውስጡ አደገ። ፈቀደ ሲያጠና እናታችን ኩራዙን ወደ እሱ ታስጠጋለች፤ ዓምደሚካኤል የቀረውን ማመልከቻ በሩ ሥር ሆኖ በቀኑ ጭላንጭል ይጨርሳል። የጎረቤት ሴቶች የመድኃኒት ጠርሙስ ይዘው እየመጡ «ፈቀደ፣ ይሄ የፈረንጅ ጽሑፍ ምን ይላል?» ሲሉ እሱ ያነብላቸዋል፤ እነሱም ግንባሩን ስመው ይሄዳሉ። ዓምደሚካኤል ዳዊት በቃሉ ይወጣ ነበር፤ ለዚያ ግንባሩን የሳመው ማን ነው? እናታችን ፈቀደን «የኔ መምህር» እያለች ስትጠራው ታላቁ ዓይኑን ከእንጀራው ላይ አያነሣም። ፈቀደ ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄዶ «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሰው አለቀሰብህ?» ብሎ ያሥቀዋል፤ ጃንጥላውን ተሸክሞ አብሮት ይገባል። በሚወድህ ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል ያቃጥላል!

ፈቀደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ትምህርቱን በፈጸመበት ዓመት፣ በፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ትምህርታቸውን ከፈጸሙት መካከል ጥቂቶች ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ የመምህርነት ማስረጃ ይሰጣቸዋል የሚል ነበር። ቤታችን ውስጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ ጠፋ። ፈቀደ ማስረጃውን ካገኘ የመንግሥት ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ የኛ ቤት ሣር ቆርቆሮ ይሆናል፤ ዓምደሚካኤልም ከዝናቡና ከፀሐዩ ይነሣል። ፈቀደ ራሱ «መጀመሪያ የማስተምረው አንቺን ነው» ብሎኝ ነበር። እሱ በዚያ ሰሞን፣ ማስታወቂያውን ራሱ ሳያነብ በወሬ ብቻ ሰምቶ፣ የዕድሜውን ምስክር ከክርስትና አባቱ ሊያመጣ አዲስ ዓለም ሊሄድ ነበርና ለታላቁ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ገልብጥልኝ። አንተ ከገለበጥኸው በኋላ እኔ ግድግዳው ላይ ምን አያለሁ?» ብሎት ሄደ።

ከዓምደሚካኤል ጎን የሚቀመጥ እሸቴ የሚባል ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ ምላሱ ከብዕሩ የሾለ። ዓምደሚካኤል ግድግዳው ሥር ቆሞ ሲገለብጥ አይቶ «ዓምዴ» አለው፤ «ወንድምህ መምህር ሲሆን ካንተ ነው አሉ የሚጀምረው። ሀ በል ሲልህ እንዳታሳፍረን።»

«አንተን ካስተማረ እኔን ለማስተማር አይቸገርም» አለው ዓምደሚካኤል።

ሁለቱም ሣቁ። ዓምደሚካኤል ግን ቶሎ ወደ ሥራው ዞረ። ማስታወቂያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያጓድል ገልብጦ፣ ሣጥኑን ዘግቶ ወደ ቤት ወጣ።

ቤት ሲደርስ እናታችን ከሰፊው ከካላዩ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣለች። በመካከላቸው የተዘረጋው የአባታችን ጥቁር በርኖስ ነው። አባታችን ለክብር ቀን ብቻ የሚለብሰው፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ሣጥን ውስጥ የኖረ፣ በወጉ ለበኩር ልጅ የሚተላለፍ በርኖስ! የካላዩ መቀስ ግማሽ ደርሷል።

«ፈቀደ ያን ያህል ሰው ፊት በነጠላ ይቅረብ?» አለች እናታችን ልጇ ቀጥ ብሎ መቆሙን ስታይ። «ኮት ይሆነዋል። አንተማ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠህ ምን ያደርግልሃል?»

በክፋት አላለችውም። ካላዩም መቀሱን አቁሞ ወደ ዓምደሚካኤል አየ። «ይቁረጥ» አለ ዓምደሚካኤል፤ «ከተጀመረ ወዲያ ይቁረጥ።» ከዚያ ወጥቶ እስከ ጊዮርጊስ ዛፎች ድረስ ሄዶ ተቀመጠ። እዚያ ምን እንዳሰበ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ናቸው። እኔ የማውቀው በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ያን ግድግዳ ሥር የገለበጠውን ወረቀት አጠገቡ አድርጎ በደህና ወረቀት ላይ እንደገና እንደጻፈው ነው። የዕድሜ ምስክር ይላል፤ ጻፈ። የታወቀ ዋስ ይላል፤ ጻፈ። ቀጥሎ ያለው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ማመልከቻው አመልካቹ በገዛ እጁ የጻፈው መሆን አለበት፤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም።» ብዕሩን ቀለም ነከረ። ጠበቀ። ቀለሙ መቃው ጫፍ ላይ ደረቀ። እንደገና ነክሮ ከዚያ በታች ያለውን መስመር ጻፈ… የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዶ እሳት ውስጥ ጣለው። ማስታወቂያው በማግስቱ ከግድግዳው ተነሣ።

ፈቀደ ከአዲስ ዓለም ተመልሶ ግልባጩን አነበበ፤ ስለ ጽሕፈቱ ውበትም አመሰገነ። ከዚያ ዓምደሚካኤል ሳይጠይቀው፣ ሳያባብለው፣ ራሱ «ማመልከቻውንም አንተ ጻፍልኝ» አለ። «የኔን ጽሕፈት ታውቀዋለህ፤ ጉንዳን ቀለም ነክራ የሄደችበት ይመስላል።»

ያን ጊዜ እንኳ አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? አልተናገረም። ተቀመጠና ጻፈ። በሕይወቱ ከጻፋቸው ሁሉ ያማረው ያ ማመልከቻ ነበር፤ የመጀመሪያዋ መስመር ቀይ፣ የቀረው እንደ ዳዊት የተቆጠረ። ኋላ እንደነገረኝ፣ እየጻፈ ሳለ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይመኝ ነበር። ወረቀቱ ተጥሎ ሊያይ ይመኛል፤ ደግሞም መራጮቹ በጽሕፈቱ ተደንቀው ሊቀበሉት ይመኛል። ለእሱ ባልተከፈተው በር የእጁ ጽሕፈት እንኳ እንዲያልፍ ነው። ሰው ከቅናትና ከተስፋ የትኛው እንደሚበልጥበት ራሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅለት ይችላል?

ዋስ የሆነው ጎረቤታችን ሙሄ ነበር፤ ጨውና ቡና የሚቸረችር፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሰፈራችን ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ቃሉ የታመነ ሰው። በቀጠሮው ቀን ፈቀደ አዲሱን ኮቱን ለብሶ፣ እናታችን እስከ አጥሩ ሸኝታው፣ ከሙሄ ጋር ሄደ። ያን ቀን ዓምደሚካኤል ከሣጥኑ ጋር ዋለ፤ ለአንዲት ባልቴት የጻፈላትን ሦስት ጊዜ አበላሽቶ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከቀትር በኋላ ፈቀደ በዚያ በኩል ሲመጣ አየው። ፈቀደ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጃንጥላውን አነሣለት።

«ምን አሉህ?» አለው ዓምደሚካኤል።

«ቦታው ሞልቷል አሉኝ፣ ወንድም ጋሼ። ለሚመጣው ዓመት ሞክር አሉኝ።»

ሙሄም ከኋላ ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እናታችን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ የፈቀደን እግር አጠበች፣ ከድስቱ የተሻለውን አውጥታ አቀረበችለት፣ «የኔ መምህር፣ ዓመት ምን አላት» እያለች አጎረሰችው። ዓምደሚካኤል ማዶ ተቀምጦ ይህን አየ። ወንድሙ ወድቆም የሚወደደው እሱ ነው! አሸንፎ ምን አገኘ?

ወር ሳይሞላ ፈቀደ ሥራ አገኘ። በረሃ ውስጥ፣ ከአዋሽ ወዲያ፣ መንገድ የሚያስጠርግ አንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። እናታችን «ቆላ ነው፣ ወባ ነው» ብላ ለመነችው። «እስከሚመጣው ማስታወቂያ ድረስ ነው፣ እማዬ» አላት። ሲሄድ ከታላቁ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ የመቃ ብዕሩንና ጥቂት ቀይ ቀለም። ዓምደሚካኤል «በረሃ ምን ያደርግልሃል?» ሲለው «ጉንዳኗን ልገራት ነው» ብሎ ሣቀ። ዓምደሚካኤል ካሉት ሁሉ የተሻለውን መቃ መርጦ ሰጠው።

ሰባት ወር ሄደ። በስምንተኛው ወር አብረውት የሚሠሩ ሰዎች በባቡር አምጥተው፣ ከጣቢያው በቃሬዛ ተሸክመው ቤታችን አገቡት። ዓይኖቹ ቢጫ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ከዚያ ሁሉ ሰውነት የቀረው አጥንቱ ብቻ ነበር። እናታችን ባወቀችው ሁሉ አከመችው፤ ጸበል መጣ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ክኒን መጣ። ዓምደሚካኤል ሣጥኑን አልከፈተም፤ ሦስት ቀን ከራስጌው አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ትኩሳቱ ጥቂት ለቀቀውና ፈቀደ ዓይኑን ገለጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ የዘንድሮው ማስታወቂያ ወጣ?»

«ወጥቷል» አለ ዓምደሚካኤል። አልወጣም ነበር። «አንተ ብቻ ዳን እንጂ እኔ እገለብጥልሃለሁ።»

ፈቀደ ለረጅም ጊዜ አየው። በዚያ እይታ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እኔ እዚያው ነበርኩና አይቻለሁ። ከዚያ በደከመ ድምፅ አንዲት ቃል ጠየቀው።

«ሙሉውን?»

መልሱን ግን አልጠበቀም፤ የታላቁን እጅ፣ ያን በቀለም የጠቆረ እጅ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ቀትር ሳይሆን ሞተ።

በሦስተኛው የለቅሶ ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሳሳ፣ ሙሄ ከእናታችን ፊት መጥቶ ቁጢጥ አለ። «እትዬ ደብሪቱ» አላት፤ «ልጅዎ አስምሎኝ ነበር። ሰውየው ከሞተ መሐላው ምን ይጠብቃል? ያን ቀን ቦታው አልሞላም ነበር።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«ማመልከቻውን አይተው ይሄ ያንተ እጅ አይደለም አሉት። ማስታወቂያውን አውጥተው በገዛ እጁ የሚለውን አሳዩት። እሱም አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው… ከዚያ ማን እንደጻፈልህ ንገረን፣ ጸሐፊውን ከቦታው እናስነሣዋለን፣ አንተ ግን እዚሁ እንደገና ትጽፋለህ አሉት። ራሴ ነኝ የጻፍኩት አለ። ወረቀት ሰጥተው ጻፍ ሲሉት የጻፈውን አይተው ሣቁበት። መምህርነትን በውሸት የሚጀምር ብለው አባረሩት። እኔ ስም ልናገር ስል እጄን ጨበጠኝ።»

እናታችን ይህን ሰምታ ቀስ ብላ ወደ ታላቁ ዞረች። «ዓምዴ፣ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር?»

ዓምደሚካኤል ቀና አላለም። እናታችን ተነሥታ ከበረሃ የመጣውን የፈቀደን ጥቅል አወጣች። ኮቱን ዘረጋች፤ ከብብት ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ የወረቀት ክምር ወጣ። ማንበብ አታውቅም፤ እኔም ያን ጊዜ አላውቅም። ከላይ ያለውን ወረቀት ለዓምደሚካኤል ዘረጋችለት። «አንብብልኝ» አለችው።

ወረቀቱን ተቀበለ። የመጀመሪያዋ መስመር ቀይ ናት። ፊደሉ የሱ የራሱ ይመስላል፤ ግን የሱ አይደለም። ፈቀደ በበረሃው ሙቀት፣ ከሥራ መልስ፣ ያን ማስታወቂያ እየደጋገመ ሲገለብጥ፣ የወንድሙን እጅ ሲማር ከርሞ ነበር። ለሚመጣው ዓመት በገዛ እጁ፣ ግን በወንድሙ ውበት ሊጽፍ ነበር! ዓምደሚካኤል ማንበብ ጀመረ። የዕድሜ ምስክር። የታወቀ ዋስ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። በፊቱ ያቺ መስመር አለች፤ እሱ የዘለላት፣ ፈቀደ ቦታዋ የመለሳት መስመር። ቢዘልላት ማን ያውቅበታል? እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሙሄም አያነብም። ለሁለተኛ ጊዜ መስመሯን የሚዘልልበት በር ከፊቱ ተከፈተለት።

«ለምን ዝም አልህ?» አለች እናታችን።

«ማመልከቻው አመልካቹ በገዛ እጁ የጻፈው መሆን አለበት» ብሎ አነበበ። ጮክ ብሎ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማው። «በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም። እማዬ፣ ይህን መስመር እኔ ሆን ብዬ ዘለልኩት። እሱም አውቆ ነው የሞተው።»

እናታችን አልጮኸችም። ደረቷንም አልመታችም። ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች። «ቢረግምህ ኖሮ እኔም እረግምህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሱ ያልረገመውን እኔ ምን ብዬ ልርገም? ቢጠላህ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።» ከዚያ ተነሥታ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለችለት። «ያባትህ ነው። ያንተ ነበር። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩብህ። ልበሰው።»

ለበሰው። እጅጌው ከክርኑ ጥቂት ወረድ ብሎ ቀረ፤ ደረቱ አልገጠመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ በፈቀደ ተዝካር ያን ኮት ይለብስ ነበር፤ እሸቴ እንኳ አይቶት አልቀለደበትም። ወደ ሣጥኑ ተመለሰ እንጂ ቀይ ቀለም ዳግመኛ አልነካም። ጥቂት ፊደል የሚያውቅ ሰው ማመልከቻ ሊያጽፈው ሲመጣ «ራስህ ጻፈው፣ እኔ አሳይሃለሁ» ይለው ነበር። እንዲህ እያለ ስንቱን አስተማረ! ደንበኛው እየሳሳ ሄደ፤ ደረቱን ያመመው በአራተኛው ዓመት ነው። ሲሞት እናታችን ጭንቅላቱን በጭኗ ይዛ «የኔ መምህር» አለችው። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለራሱ ሲሰማ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እሷም ተከተለቻቸው።

እኔን ማንም አላስተማረኝም። የፈቀደን ወረቀቶች ወሰድኩ። ሠላሳ አንድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጉንዳን የሄደችባቸው ይመስላሉ፤ የመጨረሻዎቹን ከዓምደሚካኤል እጅ የሚለይ የለም። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በድንኳኑ ሲነበብ የሰማሁትን እያስታወስኩ፣ በእንጨት መሬት ላይ እየተከተልኩ፣ እሱ በወጣበት መሰላል እኔም ወጣሁ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ዛሬም አይገባኝም። በርኖሱ በዚያች ቅዳሜ ባይቆረጥ ኖሮስ? ፈቀደ አዲስ ዓለም ባይሄድ ኖሮስ? ሁለቱንም ያለ ሥራ የሚያበላ ቤት ቢኖረን፣ ሁለቱም በዚያ በር ቢገቡ ኖሮስ? ዕድል ለአንዱ በር ስትከፍት በሌላው ጣት ላይ መዝጋቷን ማን ይነግራታል? ወንድሞቼ ዛሬ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ እጃቸው ግን በኔ እጅ ውስጥ አንድ ሆኖ ቀርቷል፤ አንዱ የሠራው፣ ሌላው የተማረው። ይህን ታሪክ ምንም መስመር ሳልዘልል፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።